«ካምፓኒው ወደደኝ፣ ፕሮፌሰሩ ጣሉኝ!»

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ፈረንጅ አገር ካምፓኒ ገብተው ለሚሠሩ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች... ለወላጆቻቸውም ጭምር!

ያገሬ ሰው ሲተርት «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ተረቱ ለብዙ ነገር ይሠራል። ለንግድም፣ ለሥራ ፍለጋም፣ አንዳንድ ቀልደኞች እንደሚሉት ለፍቅርም ሳይቀር! አንድ ቦታ ላይ ግን ጨርሶ አይሠራም። እሱም የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍን ካምፓኒ ውስጥ ገብቶ መሥራት የሚሉት ነገር ነው። እዚያ አንዱ ባላ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሌላው ባላ ካምፓኒው ነው። ተማሪው የሚቆመው በሁለቱ ላይ ነው። አንዱ ከተነቀለ ሌላው ብቻውን አይሸከምም።

ዛሬ ይህን ጉዳይ ያነሳነው ያለምክንያት አይደለም። ልጆቻችን ወደ ጀርመን፣ ወደ ስዊድን፣ ወደ ሌሎችም አገሮች እየሄዱ ኢንጂነሪንግ ይማራሉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ «ከትምህርት ቤት ላብራቶሪ ይልቅ ካምፓኒ ብገባ ይሻላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይሻላል። ግን እንዴት እንደሚገባ፣ ከገቡ በኋላም እንዴት እንደሚወጣ የሚነግራቸው ሰው የለም። የሚነግራቸው ሲጠፋ ደግሞ የሚሆነውን እስቲ አብረን እንይ።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

ጀርመንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨርስ ተማሪ «ባቸለርአርባይት» የሚባል የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርባል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ጽሑፉን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሊሠራው ይችላል፤ ወይም አንድ ካምፓኒ ገብቶ በእውነተኛ ማሽን፣ በእውነተኛ ችግር ላይ ሊሠራው ይችላል። በተለይ ለተግባር በሚያደሉት «ሆኽሹለ» በሚባሉት ትምህርት ቤቶች ካምፓኒ ውስጥ መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። ደቡብ ጀርመን ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ባሉት ሆኽሹለዎች ኢንጂነሪንግ 7 ሴሚስተር የሚፈጅ ሲሆን ከነዚያ ውስጥ አንዱ ሴሚስተር ካምፓኒ ውስጥ የሚያልፍ የልምምድ ጊዜ ነው። ብዙ ተማሪ የመመረቂያ ርዕሱን የሚያገኘው እዚያው በተለማመደበት ቤት ነው። አለቃው ሥራውን ያየዋል፤ ይወደዋል፤ «ጽሑፍህንም ለምን እኛ ጋ አትሠራም?» ይለዋል።

ይህ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ካምፓኒው ልጁን ያለቅጥር ይፈትነዋል፤ ልጁም የካምፓኒውን ባሕርይ ያያል። ተሳክቶለት ቀጥታ ሥራ የሚያገኝም አለ።

ይሁንና አንድ የሒሳብ ነገር አለ። የጀርመን የትምህርት ሚኒስትሮች ባወጡት ደንብ መሠረት ለባቸለር ጽሑፍ የሚሰጠው ከ6 እስከ 12 ክሬዲት ብቻ ነው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ 12ቱን ክሬዲት በ30 ሰዓት ብናባዛው 360 ሰዓት ይመጣል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 9 ሳምንት ማለት ነው። የካምፓኒዎች ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ «ከ3 እስከ 6 ወር» ይላል። ትርፉ ጊዜ የማን ነው? ልጁ በዚያ ትርፍ ጊዜ የሚሠራው ለማን ነው? የችግሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ወጣት ታሪክ

ባለታሪካችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስሙን አንጠቅስም፤ ካምፓኒውንም ትምህርት ቤቱንም አንጠቅስም። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ለመማር ጀርመን ሲሄድ ለቪዛው የሚያስፈልገውን «የታሰረ ሒሳብ» የሞላችለት እናቱ ናት። ይህ ተማሪው ለአንድ ዓመት የሚኖርበት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥበት ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ሆኗል። የዚህ ልጅ እናት በሱ ጊዜ የተጠየቀውን ያሟላችው ሁለት ዕቁብ አስቀድማ በመውሰድና አሜሪካ ያለ ወንድሟን በመለመን ነው። ይህን ልብ በሉልን። ልጁ ካምፓኒው በር ላይ ሲቆም ብቻውን አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው ከኋላው ቆሞ ነበር።

የተለማመደው ፓምፕ የሚሠራ ካምፓኒ ውስጥ ነው። ታታሪ ነው፤ ሰዓት አያሳልፍም። ልምምዱ ሲያልቅ አለቃው ራሱ ጠርቶ የመመረቂያ ጽሑፉን እዚያው እንዲሠራ ጠየቀው። ርዕሱ በፓምፕ ላይ ንዝረት የሚለካ መሣሪያ መትከልና ማስተካከል ነበር። ካምፓኒው በወር የቤት ኪራዩን የሚሸፍን ገንዘብ ሊሰጠው ተስማማ። ልጁ ያን ዕለት ማታ ለእናቱ ደወለ። እናት በነጋታው ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ የጀርመን ካምፓኒ ገባ» ብላ ቡና አፈላች።

የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ባልደረባ ታመመና «እስቲ ለጥቂት ቀን ይህን ሸፍንልን» ተባለ። ጥቂት ቀኑ ሦስት ሳምንት ሆነ። ቀጥሎ የቆዩ ንድፎችን በኮምፒውተር ማስተካከል መጣ። ከዚያ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ... ከዚያ ሌላ...። ልጁ አንድም ቀን «አይ፣ ጽሑፌ ይቀርብኛል» አላለም። «እንጀራ የሚያበላኝን ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ?» ይላል በጻፈልን ደብዳቤ ላይ።

ፕሮፌሰሩስ? ርዕሱን ሲያስመዘግብ አንዴ አግኝቷቸዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ኢሜይል ልኮላቸው ነበር፤ «መልካም ነው፣ ቀጥል» የሚል አጭር መልስ መጣ። ዳግመኛ አልጻፈም። «ትልቅ ሰው ናቸው፤ ማስቸገር መስሎ ታየኝ» ይላል።

ቀኑ ደረሰ። 84 ገጽ አስረክቦ ወጣ። መሣሪያው ተተክሏል፤ ይሠራል። ካምፓኒው ረክቷል፤ አለቃው ጥሩ የምስክር ወረቀት ጽፎለታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ግን 5.0 ይላል። የጀርመን ውጤት ከእኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ 1.0 ምርጥ፣ 4.0 የማለፊያ መጨረሻ፣ 5.0 ደግሞ ወድቀሃል ማለት ነው።

ልጁ ሮጦ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄደ። ሰውየው አልተቆጡም። «ይህ ጥሩ የሥራ ሪፖርት ነው» አሉት። «የሠራኸውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፈኸዋል። ግን የጠየቅኸው ጥያቄ የቱ ነው? ከሌላ መንገድ ጋር ያወዳደርኸው የቱ ነው? ሌላ ሰው ያንተን መልስ የሚፈትሽበት ቁጥር የታለ?» ቁጥሮቹን ካምፓኒው «ምስጢር ነው» ብሎ አስወጥቷቸው ነበር።

ማታ ከእናቱ ጋር የተነጋገሩትን እንዲህ ሲል ጽፎልናል።

«ካምፓኒው ወደደኝ ብለኸኝ አልነበረም እንዴ ልጄ?»

«ወዶኛል እማዬ።»

«ታዲያ የጣለህ ማነው?»

«የምመልሰው አጣሁ» ይላል ወጣቱ። «ካምፓኒው ወደደኝ፣ ፕሮፌሰሩ ጣሉኝ ብላት ማን ይገባዋል?»

ስህተቱ የማን ነው?

አንዳንድ አንባቢ «ካምፓኒው በዘበዘው!» ይላል። ሌላው «ፕሮፌሰሩ ጨካኝ ናቸው!» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ሥራ ሠርተዋል ባይ ነን። ካምፓኒ የሚፈልገው የሚሠራ ማሽን ነው። ትምህርት ቤት የሚፈልገው የሚያስብ ኢንጂነር መሆንህን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ሊገናኙ ይችላሉ፤ ግን በራሳቸው ጊዜ አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ተማሪው ነው። ዲግሪውን የሚሰጠው ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ብቻ መሆኑ መረሳት የለበትም። የመጀመሪያው ፈታኝ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። የካምፓኒው አለቃ፣ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደና ዲግሪ ካለው፣ ሁለተኛ ፈታኝ ሊሆን ይችላል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እነሆ፣ ያለፈባቸው ሰዎች የሚመክሩትንና ደንቡ የሚለውን አንድ በአንድ እናቅርብ።

1. ሥራና ጥያቄ አንድ አይደሉም

«መሣሪያ መትከል» ሥራ ነው። «ከ2 የመለኪያ መንገዶች የኩሽኔታን መበላት ቀድሞ የሚያሳየው የቱ ነው? ለምን?» ደግሞ ጥያቄ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? ማሽኑ ያው ነው፤ ፓምፑም ያው ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ተማሪው ሁለት መንገድ ያወዳድራል፤ ይለካል፤ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሰላል፤ ከዚያ አንዱን መርጦ ምክንያቱን ይናገራል።

የጀርመን ኢንጂነሮች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የተቋቋመው ፋው ዴ ኢ፣ ቁጥር 2221 በሚባለው መመሪያው አንድ ነገር እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚነደፍ ዘርዝሮ አስቀምጧል። መጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ይጻፋል፤ ቀጥሎ የተለያዩ መፍትሔዎች ይቀርባሉ፤ ይመዘናሉ፤ ከዚያ አንዱ ይመረጣል። እዚያ አገር ያለ የንድፍ መምህር ይህን መንገድ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሐሳብ ስለሠራ ብቻ «ሠራ፣ በቃ» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ርዕሱ ከመመዝገቡ በፊት ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፤ «የኔ ጽሑፍ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ባለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል?» ካልቻለ ገና ርዕስ የለህም።

2. ሦስታችሁም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ

ተማሪው፣ የካምፓኒው ሰው፣ ፕሮፌሰሩ። አንዴ ብቻ እንኳ ቢሆን ሦስቱም ይገናኙ። በአካል ካልሆነ በቪዲዮ። ከዚያ ስብሰባ አንድ ገጽ ወረቀት ይውጣ። ጥያቄው ምንድን ነው? ምን ይለካል? ምን አይካተትም? ቁጥሮቹን ማን ያያል? መቼ ይጀመራል፣ መቼ ያልቃል? ወረቀቱን ለሦስቱም ላኩት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው። በኋላ አለቃው «ይህችን ደግሞ ጨምርልኝ» ሲል ተማሪው የራሱን እምቢታ ሳይሆን ወረቀቱን ያሳያል። ወረቀት አያፍርም!

3. ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ። ጽሑፉ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ይሮጣል። የጊዜውን ገደብ የሚወስነው የየትምህርት ቤቱ የፈተና ደንብ ነው። «ካምፓኒው መለኪያውን ስላዘገየብኝ» ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ ማራዘሚያ የሚሰጠው ተማሪው ባላጠፋው ምክንያት፣ ለምሳሌ በሐኪም ወረቀት በተረጋገጠ ሕመም፣ ያውም ቀኑ ሳያልፍ ተጠይቆ ነው። የወደቀ ጽሑፍ ደግሞ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚደገመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በአዲስ ርዕስ።

ስለዚህ ብልህ ተማሪ ካምፓኒው ውስጥ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ይገባል። ማሽኑን ያውቃል፤ መለኪያው መኖሩን በዓይኑ ያያል፤ መግቢያ ካርዱን፣ የኮምፒውተር ፈቃዱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ነው የሚመዘገበው። ፍለጋውን ደግሞ ከዚያ 4 እና 5 ወር ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ካምፓኒዎች በድረ ገጻቸው ላይ «አብሽሉስአርባይት» በሚል ቃል ርዕሶችን ያወጣሉ፤ የመምህራን ትውውቅም ትልቅ በር ነው።

ቀን የምንለው ለወጉ አይደለም። ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 መኸር ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ክፍያ ተደንግጎበታል። አንድ ሴሚስተር ተጨመረ ማለት ያ ገንዘብ፣ የ6 ወር ቤት ኪራይ፣ የ6 ወር ምግብ፣ በዚያ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ማራዘም ማለት ነው። ለባለታሪካችን እናት ደግሞ ሦስተኛ ዕቁብ!

4. «ምስጢር ነው» ሲሉህ

ካምፓኒ ምስጢር አለው፤ ይህ መብቱ ነው። ጀርመን ውስጥ ጽሑፉ ላይ «ሽፔርፈርሜርክ» የሚባል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ይህን ጽሑፍ ከፈታኞቹ በቀር ማንም እንዳያይ የሚል ነው። ዋናው ቁም ነገር «ከፈታኞቹ በቀር» የምትለዋ ናት። ፈታኙ ቁጥሩን ካላየ ምን ብሎ ውጤት ይሰጣል? ምስጢሩ ለውጭ ሰው እንጂ ለፈታኝ እንዳይሆን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

አገሩ ሲለወጥ ደግሞ ሕጉም ይለወጣል። ስዊድን ውስጥ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማረች አንዲት እህታችን ያጋጠማትን እናንሳ። የስዊድን የ3 ዓመት የኢንጂነሪንግ ዲግሪ 180 ክሬዲት ሲሆን የመመረቂያ ሥራው 15 ክሬዲት ነው፤ የ10 ሳምንት ሙሉ ሥራ ማለት ነው። እዚያ «ኤክስዮብ» ይሉታል። ካምፓኒው «ጽሑፍሽ ይዘጋ» አላት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ «አይሆንም» አለ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1766 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው የሚል ሕግ አላት። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ የመመረቂያ ጽሑፍም በዚሁ ይታያል።

ልጅቷ ምን አደረገች? አላለቀሰችም፤ አልተጣላችም። ሁለቱን ወገኖች ሥራው ሳይጀመር አገናኘቻቸው። መፍትሔውም ቀላል ሆነ። እውነተኛው ቁጥር ካምፓኒው ውስጥ ቀረ፤ ጽሑፉ ላይ የወጣው ግን በንጽጽር ሆነ። «አዲሱ መንገድ የኃይል ብክነቱን ከድሮው በዚህን ያህል እጅ ይቀንሳል» እንጂ «ይህን ያህል ዋት ነው» አይልም። ፈታኙ ማመዛዘን ቻለ፤ ካምፓኒውም ምስጢሩ ተጠበቀለት። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ስብሰባ ውጤት ነው!

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ዛሬ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ለማሳመር ቻትጂፒቲን የመሳሰሉትን ይጠቀማሉ። የካምፓኒን ቁጥርና ንድፍ እዚያ ውስጥ መክተት ምስጢሩን ለውጭ ሰው እንደ መስጠት ነው። በዚያ ላይ ተማሪው ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «እኔው ራሴ የሠራሁት ነው» ብሎ ይፈርማል። ፊርማ ቀልድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

5. ስለ ገንዘብ ሳንተፋፈር እንነጋገር

ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ አላት። በ2025 በሰዓት 12.82 ዩሮ ነበር፤ ለ2026 ደግሞ 13.90 ዩሮ ሆኖ ተወስኗል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ልጃችን በወር ስንት ሺህ ያገኛል» ብሎ ያባዛል። ቆይ ግን! ካምፓኒ ውስጥ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ብቻ የሚሠራ ተማሪ በሕጉ ዓይን ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ ያ ደመወዝ አይመለከተውም። ብዙ ካምፓኒ በፈቃዱ የሆነ ነገር ይከፍላል፤ የማይከፍልም አለ።

ነገሩ ግን ሌላም ገጽታ አለው። ካምፓኒው ተማሪውን እንደማንኛውም ሠራተኛ ካሠራው፣ የታመመ ሰው ቦታ ካስሸፈነው፣ የዕለት ሥራ ካዘዘው፣ ያ የመመረቂያ ጽሑፍ መሆኑ ይቀርና ሥራ ይሆናል። ሥራ ከሆነ ደግሞ ደመወዙም ሕጉም ይከተላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ መሥራት የሚችለው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጽሑፍ» ነው ወይስ «ሥራ» ነው የሚለው ግልጽ ይሁን። ጥርጣሬ ካለ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነው እንጂ የጓደኛ ወሬ መስማት አይበጅም።

ሌላም አለ። የጽሑፉ የደራሲነት መብት የተማሪው ነው። ሠራተኞች ስለሚፈጥሩት ፈጠራ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣችው ሕግ ሠራተኛ ላልሆነ ተማሪ አይሠራም። ለዚህ ነው ካምፓኒው «ያገኘኸውን ሁሉ ለእኛ አሳልፈሃል» የሚል ወረቀት የሚያስፈርመው። መፈረም ነውር አይደለም። ሳያነቡ መፈረም ግን ነውር ነው! ፕሮፌሰሩም ከፊርማው በፊት ይዩት።

6. ይሉኝታ የሚሉት በሽታ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለታሪካችንን የጣለው የጀርመንኛ ጉድለት አይደለም። የሒሳብ ድክመትም አይደለም። አለቃውን «አይ» ማለት አልቻለም። ፕሮፌሰሩን «ይረዱኝ» ማለት አፈረ። ሁለቱም ከአንድ ጎተራ የወጡ ናቸው፤ ከይሉኝታ!

እኛ አገር ትልቅ ሰውን አለማስቸገር ጨዋነት ነው። ያሳደገህን፣ ያበላህን እምቢ አለማለትም እንዲሁ። ይህን ጨዋነት ማንም አይንቀውም። እዚያ አገር ግን ያልጠየቀ ተማሪ «ሁሉ ገብቶታል» ተብሎ ይታለፋል። ዝም ያለ ሠራተኛ «ጊዜ ተርፎታል» ተብሎ ይጨመርበታል። ጀርመናዊው አለቃ «ይህችን ትሠራልኛለህ?» ሲል እውነትም እየጠየቀ ነው። «በዚህ ሳምንት አልችልም፤ የጽሑፌ መለኪያ አለብኝ» ብትለው «እሺ» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ቂም የለም። ማታ ላይ ደግሞ ረስቶታል።

ለፕሮፌሰሩም በየ2 ሳምንቱ አጭር ኢሜይል ላክ። ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው። ምን ሠራሁ፣ ምን ቸገረኝ፣ ቀጥሎ ምን አደርጋለሁ። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዎቹን 10 ወይም 15 ገጾች ከማስረከቢያው ብዙ ቀደም ብለህ አሳያቸው። ባለታሪካችን ይህን ቢያደርግ ኖሮ «ጥያቄህ የታለ?» የሚለውን ነገር በ5.0 ምትክ በአንድ ኢሜይል ይሰማው ነበር።

እሱስ መጨረሻው ምን ሆነ? ብዙ ሳይቆይ ተነሳ። ሁለተኛውን ዕድሉን ትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ውስጥ በአዲስ ርዕስ ሠራው። በየሳምንቱ የፕሮፌሰሩን በር ያንኳኳ ነበር። አለፈ። የጀርመን ሕግ ለተመረቀ የውጭ ተማሪ ሥራ እንዲፈልግ 18 ወር ይሰጣል፤ እሱም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ አገኘ። የጠፋውን ግማሽ ዓመት ግን ማንም አልመለሰለትም። የእናቱንም ዕቁብ እንዲሁ።

7. ከደላላ ተጠንቀቁ

አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ስሙ። አገራችን ውስጥ የኢንጂነሪንግ ትምህርት 5 ዓመት ነው፤ የኢንዱስትሪ ልምምድና የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት አለው። «ፕሮጀክቴን ፈረንጅ አገር ካምፓኒ ብሠራስ?» ብሎ መመኘት መልካም ነው። በር የሚከፍተው ግን የእናንተው መምህር ፈቃድ፣ የካምፓኒው የጽሑፍ ግብዣና ተገቢው ቪዛ ነው። «ይህን ያህል ብር ክፈል፣ የጀርመን ካምፓኒ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ በሩን ዝጉበት። ደህና ካምፓኒ ለመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪን ገንዘብ አያስከፍልም። የሚጠቅመውን ሰው እያስከፈለ የሚቀበል ነጋዴ የት አለ?

ለወላጆች አንድ ቃል

እናትና አባት ሆይ! ልጃችሁ «ካምፓኒ ገባሁ» ብሎ ሲደውል ደስ ይበላችሁ፤ ቡናውም ይፈላ። ግን ገና ሥራ አልያዘም፤ ተማሪ ነው። የሚሰጡት ገንዘብ ቢኖር ለዳቦና ለቤት ኪራይ ነው። በዚያ ሰዓት «ላክልን» የሚል ስልክ ልጁን ወደ አለቃው ይገፋዋል፤ ከጽሑፉ ያርቀዋል። «እምቢ ካልኩ ገንዘቡ ይቀርብኛል» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ስትደውሉ «ስንት ይከፍሉሃል?» ከማለት ይልቅ አንድ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ።

«ልጄ፣ ፕሮፌሰሩን በዚህ ሳምንት አገኘሃቸው?»

ኢንጂነሪንግ ያልተማረች እናትም ይህችን መጠየቅ ትችላለች። ከብዙ ምክር ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ ልጁን ታድነዋለች።

እናንተም ተማሪዎች፣ ካምፓኒውን አትፍሩት፤ ግቡበት። መማሪያ ነው፤ እንጀራም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ ከሥራው ይቅደም፤ ጥያቄው ከመለኪያው ይቅደም። ድስቱ ከተጣደ በኋላ በርበሬ መመጠን አይቻልምና!

መልካም ዕድል፤ ለሳምንት በሰላም ያገናኘን!